አንድ ቱቦ ለስድስት ሰው፦ በምዕራብ ጎጃም ገጠር የእከክ ሕክምና ምርጫዎች ሲመዘኑ

የእከክ (ስኬቢስ) መድኃኒት አለ ወይ ተብሎ ቢጠየቅ፣ በማንኛውም ጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ ሳያመነታ አለ ይላል። መልሱም ትክክል ነው። 5 በመቶ ፐርሜትሪን፣ 25 በመቶ ቤንዛይል ቤንዞኤት፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሆነ የድኝ (ሰልፈር) ቅባትና የሚዋጠው አይቨርሜክቲን በየመማሪያ መጽሐፉ ተዘርዝረው ይገኛሉ፤ በአግባቡ ከተወሰዱም አራቱም ይፈውሳሉ። ይህም ሆኖ እከክ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ እንደ ሌላውም የሀገሪቱ ክፍል፣ ታክሞ የሚመለስ በሽታ ሆኖ ዘልቋል። ፈዋሽ መድኃኒት እያለ በሽታው የማይለቅ ከሆነ፣ «የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። መድኃኒቱ ለማን፣ መቼና ከማን ጋር ይሰጣል የሚለውም መመርመር ይኖርበታል። ስለ እከክ ሕክምና የሚጻፈው ግን በአብዛኛው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የተባዩ ጠባይ ነው። ሳርኮፕቴስ ስካቢዬ ከሸረሪትና ከመዥገር ወገን የሆነች፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ጥገኛ ተባይ ናት። እንስቷ የላይኛውን የቆዳ ንጣፍ እየቦረቦረች በቀን 2 ወይም 3 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ በ3 ወይም በ4 ቀን ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን ችሎ ለመራባት ይደርሳል። በተለመደው የእከክ ዓይነት በአንድ ሰው ገላ ላይ የሚገኙት ተባዮች ከ10 እስከ 15 ቢሆኑ ነው። ማሳከኩ የሚመጣው ሰውነት ለተባዩ፣ ለእንቁላሉና ለኩሱ ከሚሰጠው የአለርጂ ምላሽ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በተያዘ ሰው ላይ ይህ ምላሽ እስኪጀምር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አንዲት እናት እያሳከካት ጤና ጣቢያ ስትደርስ፣ አብረዋት የሚተኙት ልጆች ተባዩን ተሸክመው ገና ማከክ ሳይጀምሩ ሊሆን ይችላል። «በቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ?» ተብላ ብትጠየቅ በቅንነት «የለም» ትላለች። ጥያቄው የተሳሳተ በመሆኑ መልሱም ያሳስታል። ሊጠየቅ የሚገባው ከማን ጋር እንደምትተኛ ነው።

በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁሉ አብረው ይታከሙ የሚለው ምክር በየትኛውም የሕክምና መመሪያ አይጠፋም። ነገር ግን የመድኃኒቱ መጠን በሰንጠረዥ፣ በጎላ ፊደል ሲሰፍር፣ የቤተሰቡ ነገር በአንቀጹ ማብቂያ ላይ እንደ ምርቃት ጣል ይደረጋል። የታካሚው ካርድ የሚወጣው በአንድ ስም ነው፤ የመድኃኒት ማዘዣውም እንዲሁ። ይህ አሠራር ለሳምባ ምች ወይም ለወባ ይስማማ ይሆናል፤ ለእከክ ግን አይስማማም። ለማስረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። አንድን ዐዋቂ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ለአንድ ጊዜ ለመቀባት 30 ግራም ገደማ ፐርሜትሪን ያስፈልጋል፤ ከእንቁላል የሚወጡትም እንዲሞቱ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። አባት፣ እናትና አራት ልጆች ያሉበት ቤት ቢወሰድ፣ ለወላጆቹ 120 ግራም፣ ለልጆቹም በአማካይ የዐዋቂው ግማሽ ቢታሰብ ሌላ 120 ግራም ይሆናል። ባለ 30 ግራም ቱቦ 8 ማለት ነው። ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት የሚወጣው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ቱቦ ነው። እናትየዋ ያንን አንድ ቱቦ ወይ ክፉኛ ለሚያሳክከው ልጅ ብቻ ትቀባዋለች፣ ወይ በስሱ ለስድስቱም ታዳርሰዋለች። በሁለቱም መንገድ ተባዩ ይተርፋል። ከወር በኋላ ስትመለስ «መድኃኒቱ አልሠራም» ተብሎ ይጻፍና ወደሚቀጥለው መድኃኒት ይታለፋል። በአውሮፓ ፐርሜትሪን እንደ ቀድሞው አይሠራም፣ ተባዩ እየተላመደው ነው የሚል ክርክር ከተነሣ ቆይቷል፤ ክርክሩ ሊናቅ አይገባም። ሆኖም ለስድስት ሰው አንድ ቱቦ በሚታዘዝበት አገር መድኃኒቱን ተላመደ ብሎ ተባዩን መክሰስ የሚቻለው ሌላው ምክንያት ሁሉ ከተመረመረ በኋላ ነው።

ከአራቱ ምርጫዎች ያለ ፍርድ ዝቅ የተደረገው የድኝ ቅባት ነው። ጉድለቱ አይካድም፤ ይሸታል፣ ልብስ ያቆሽሻል፣ ሦስት ተከታታይ ሌሊት መቀባትንም ይጠይቃል። ነገር ግን ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃንና ለነፍሰ ጡር ያለ ሥጋት የሚሰጥ ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። የዝግጅት ክፍል ያለው የሆስፒታል ፋርማሲ ከ5 እስከ 10 ግራም ድኝ ከቫዝሊን ጋር እየለወሰ 100 ግራም አድርጎ ሊያዘጋጀው ይችላል። አንድ ቱቦ ፐርሜትሪን ብቻ ለሚደርሰው ቤተሰብ፣ ለሁሉም የሚበቃ አንድ ትልቅ ብልቃጥ የድኝ ቅባት የተሻለ ሕክምና ነው። ዘመናዊው መድኃኒት ለአንዱ ልጅ ከሚደርስ፣ የቆየው ለቤቱ ሁሉ ቢደርስ ይመረጣል። ቤንዛይል ቤንዞኤትም ይሠራል፤ የታከከ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ግን ክፉኛ ያቃጥላል። ለልጆች ቀጥኖ ካልተሰጠ በቀር ሁለተኛውን ሌሊት የሚፈቅድ ልጅ አይገኝም።

አይቨርሜክቲን የተለየ ውይይት ይሻል። የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ጎራ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን፣ አይቨርሜክቲንንም ለእከክ ሕክምና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያካተተው በ2019 ነው። ለዚህ ውሳኔ መንገድ ከጠረጉት ጥናቶች አንዱ በፊጂ ደሴቶች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። በዚያ ጥናት ለመላው ነዋሪ አይቨርሜክቲን በተሰጠበት ምድብ የእከክ ስርጭት በዓመት ውስጥ ከ32.1 በመቶ ወደ 1.9 በመቶ ወርዷል። ለሁሉም ፐርሜትሪን በታደለበት ከ41.7 ወደ 15.8፣ የታመሙትንና የቅርብ ሰዎቻቸውን ብቻ በማከም በተወሰነው ምድብ ደግሞ ከ36.6 ወደ 18.8 በመቶ ዝቅ ብሏል። ቁጥሮቹ አስደናቂ ናቸው፤ በየስብሰባውም ይጠቀሳሉ። ሲጠቀሱ ግን ሁለት ነገሮች ይዘነጋሉ።

አንደኛው የቦታው ጠባይ ነው። ጥናቱ የተካሄደው በባሕር በተከበቡ አነስተኛ ደሴቶች ላይ ነው። ቡሬ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አውራ ጎዳናና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከአካባቢው ገጠር ወደ መተማና ወደ ሌሎች ቆላማ እርሻዎች ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው ወጣት በዳስ ውስጥ ከብዙ ሰዎች ጋር ተደራርቦ ከርሞ ይመለሳል። አንድ ቀበሌ አንድ ጊዜ ቢታከም፣ ሠራተኛው የሚመለስበት ወር ካልታሰበበት ድካሙ ባክኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። አይቨርሜክቲን ክብደቱ ከ15 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ልጅና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ለመጀመሪያው ሳምንት አራስም እንዲሁ። ታዲያ በአንድ መኝታ ላይ ተቃቅፈው የሚያድሩት እነማን ናቸው? እናትና ሕፃን ናቸው። ቤተሰቡ ሁሉ ኪኒን ውጦ እነዚህ ሁለቱ ከቀሩ፣ ተባዩ የሚተርፈው በቤቱ ውስጥ ቆዳ ለቆዳ የሚደረገው ንክኪ እጅግ በሚበዛበት ቦታ ነው። በፊጂ አይቨርሜክቲን መውሰድ ለማይችሉት ፐርሜትሪን ተሰጥቷቸዋል፤ ውጤቱም የሁለቱ መድኃኒቶች የጋራ ውጤት ነው። «የአይቨርሜክቲን ዘመቻ» ተብሎ ኪኒን ብቻ ተጭኖ ወደ ገጠር የሚኬድ ከሆነ፣ የተጠቀሰው ጥናት ድጋፍ አይሆንም።

በዚህ ላይ የመጠን መምታታት አለ። በክልሉ ሰሜን ምዕራብ ቆላ፣ በመተማና በቋራ በኩል፣ ይኸው መድኃኒት ለኦንኮሰርኪያሲስ ሲታደል የቆየ በመሆኑ ወደዚያ የወረደ የጎጃም ሠራተኛ ኪኒኑን ያውቀዋል። ለኦንኮሰርኪያሲስ የሚሰጠው በኪሎ ግራም 150 ማይክሮግራም፣ በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ነው። ለእከክ ደግሞ በኪሎ ግራም 200 ማይክሮግራም ሆኖ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል፤ መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል ሁለተኛው ዙር የሚተው አይደለም። «ባለፈው ወር ወስጃለሁ» የሚል ታካሚ ለእከክ ታክሟል ማለት አይቻልም። መርክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በነፃ የሚሰጠው ሜክቲዛንም የተመደበው ለኦንኮሰርኪያሲስና ለሊምፋቲክ ፊላርያሲስ ነው። ለእከክ የሚውለው መገዛት አለበት፤ ስለዚህ የእከክ ዘመቻ ሲታቀድ የበጀቱ ጥያቄ ከመድኃኒቱ ጥያቄ አይነጠልም። እግረ መንገድ ለከብት የሚወጋው አይቨርሜክቲን ለሰው የተዘጋጀ አለመሆኑን መናገርም ያስፈልጋል። ስሙን ከእንስሳት ክሊኒክ የሚያውቀው አርሶ አደር ቀድሞ ሊያስበው የሚችለው ያንኑ ነውና።

የአማራ ክልል የራሱ ማስረጃም አለው። በኤልኒኞ ምክንያት በደረሰው የ2015 እና የ2016 (እ.ኤ.አ.) ድርቅ ወቅት እከክ በወረርሽኝ ደረጃ ተከሥቶ፣ በ68 ወረዳዎች 1,125,770 ሰዎች ተመርምረው 379,000 ያህሉ መያዛቸው እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ዘገባ ሰፍሯል። በወረዳዎቹ መካከል የነበረው ልዩነት ከ2 እስከ 67 በመቶ ይደርሳል። በዚያ መጠን ሕዝብን መርምሮ መመዝገብ ራሱ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም ከተመረመሩት ሦስት ሰዎች አንዱ መያዙ የክልሉ ሕዝብ ሲሶ እከክ አለበት ማለት አይደለም። የተመረመሩት ወረርሽኙ የታየባቸው፣ በድርቅ የተጎዱ ወረዳዎች ናቸው። በመካከላቸው ያለው የሰፋ ልዩነትም አንድ ዓይነት ስልት ለሁሉም እንደማይበጅ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2019 በማኒላ የተካሄደው የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ምክክር መላውን ሕዝብ በአንድነት ማከምን ያሰበው ስርጭቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ለደረሰበት ማኅበረሰብ ነው። 67 በመቶ የተያዘበት ወረዳና 2 በመቶ የተያዘበት ወረዳ በአንድ አማካይ ቁጥር ተጠቅልለው ዕቅድ ቢወጣላቸው ለአንዱ ያንሳል፣ ለሌላው ይተርፋል።

የድርቁ ታሪክ ሌላም ጥላ ጥሏል። እከክ ከውኃ እጥረትና ከረሃብ ጋር ተቆራኝቶ ሲነገር፣ ዝናብ የማያጣውና ትርፍ አምራች የሚባለው ምዕራብ ጎጃም ከሐሳብ ይወጣል። ይሁንና እከክን በዋናነት የሚያስተላልፈው ረዘም ያለ የቆዳ ንክኪ ነው። ውኃ የቁስሉን ንጽሕና ይጠብቃል እንጂ ቆዳ ውስጥ የተቀበረውን ተባይ አያወጣም። «ታጠቡ» ተብሎ ብቻ የተሸኘ ቤተሰብ አልታከመም፤ ይልቁንም ቆሻሻ ተብያለሁ ብሎ አፍሮ ይሄዳል፣ ሁለተኛም አይመለስም።

በዚህ አካባቢ መጨናነቅ የት እንዳለ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ስም በታወቀበት ጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። የቆሎ ተማሪው ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ በጠባብ ጎጆ ከጓደኞቹ ጋር ተጠጋግቶ ያድራል፤ ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላውም ይዘዋወራል። በጎንደር ከተማ በየቆሎ ተማሪዎች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሥራ እከክ በመካከላቸው ጎልቶ የሚታይ ችግር መሆኑን አሳይቷል። መደበኛው ምክር ግን ለዚህ ተማሪ የተጻፈ አይመስልም። ልብስህን በሙቅ ውኃ ቀቅል ይለዋል፤ ደበሎ ግን የበግ ለምድ ነው፣ ቢቀቀል ይበላሻል። ቤተሰብህ አብሮህ ይታከም ይለዋል፤ ቤተሰቡ የብዙ ቀን መንገድ ርቆ ነው ያለው። ለእርሱ «ቤተሰብ» ማለት ጎጆው ነው፤ ማዘዣውም ለጎጆው ሁሉ መሆን አለበት። ይህንንም ማስፈጸም የሚቻለው ከየኔታ ጋር ተመካክሮ፣ ሁሉም በአንድ ቀን እንዲታከሙ በማድረግ ነው። ደበሎውን በተመለከተ ተባዩ ከሰው ገላ ከተለየ ከ2 እስከ 3 ቀን በላይ እምብዛም ስለማይቆይ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ለጥቂት ቀናት ቢቀመጥ ይበቃዋል። ችግሩ በእነዚያ ቀናት ተማሪው የሚለብሰው ማጣቱ ነውና፣ አንድ ብርድ ልብስ ከመድኃኒቱ ጋር የሕክምናው አካል ሆኖ ሊታሰብ ይገባል።

ሰዓቱም የራሱ ጣጣ አለው። በጾም ወራት ጠዋት ኪኒን ዋጡ ቢባል ተማሪውም ካህኑም እምቢ ይላል ወይም ተቀብሎ በኪሱ ይይዘዋል፤ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከምግብ ጋር ቢሰጥ ይዋጣል። ማታ ፐርሜትሪን የተቀባ ሰው ሌሊት ጠበል ቢጠመቅ መድኃኒቱ ጊዜውን ሳይጨርስ ይታጠባል። ቅባቱ ቢያንስ 8 ሰዓት ገላ ላይ መቆየት ስላለበት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት የተቀባ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ቢጠመቅ ሕክምናውም ጠበሉም አይጋጩም። ይህን መናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ባለመነገሩ የሚባክነው መድኃኒት ግን ብዙ ነው።

«እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም» ይባላል። በሕክምና ዓይን ሲታይ ግን ጉዳቱን የሚያከፋው ጥፍሩ ነው። በታከከው ቆዳ ስትሬፕቶኮከስና ስታፊሎኮከስ ይገባሉ፤ ቁስሉ ይመግላል፤ ከስትሬፕቶኮከስ ኢንፌክሽን በኋላም የኩላሊት ማጣሪያ ብግነት ሊከተል ይችላል። ፊቱና እግሩ አብጦ፣ ሽንቱ ቀልቶ የመጣ ልጅ በጣቶቹ መካከል፣ በእጅ አንጓውና በብብቱ መታየት ይኖርበታል። መግሉን በአንቲባዮቲክ አክሞ እከኩን መተው በሩን ከፍቶ ሌባውን እንደማባረር ነው።

የምርመራው ስሕተት ከሕክምናው ስሕተት ይቀድማል። እከክ ችፌ ተብሎ ቤታሜታዞን ወይም ሌላ የስቴሮይድ ቅባት ሲታዘዝ ማሳከኩ ለጊዜው ይቀንሳል፤ ታካሚውም የዳነ ይመስለዋል። ተባዩ ግን እየተራባ፣ መልኩም እየተለወጠ ይሄዳል። በተቃራኒው በቅጡ የታከመ ሰው ተባዩ ከሞተ በኋላም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊያሳክከው ይችላል። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረው መድኃኒቱን በየቀኑ እየደጋገመ ቆዳውን ያቆስላል ወይም ሌላ መድኃኒት ፍለጋ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ የሚለየው የሰውነት መከላከያ አቅማቸው የደከመ ሰዎች ላይ የሚታየው ቅርፊታም እከክ ነው። እጅግ ብዙ ተባይ ስለሚይዝ ኪኒኑም ቅባቱም አብረው፣ በተደጋጋሚ ይሰጣሉ። እንዲህ ያለ አንድ ታካሚ ሳይታይ ከቀረ የታከመውን መንደር ሁሉ መልሶ ያስይዛል።

እ.ኤ.አ. በ2023 በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድንና የመድኃኒት አቅርቦትን ደጋግሞ ማቋረጡ ሌላ ጉዳይ አስነሥቷል። «ከሳምንት በኋላ ተመለሱ» የሚለው ቀጠሮ መንገዱ ክፍት ይሆናል ከሚል ግምት የመጣ ነው። ግምቱ በማይጸናበት ቦታ የሁለተኛው ዙር መድኃኒት በመጀመሪያው ቀን፣ የሚወሰድበት ቀን ተጽፎበት፣ ለቤተሰቡ ሁሉ ተቆጥሮ አብሮ ቢሰጥ ይሻላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በቀበሌዋ ስትዘዋወር መዋጡን ወይም መቀባቱን ታረጋግጣለች። ከአራት ሳምንት በኋላ ቤቱን ስትጎበኝ የምትፈልገው አዲስ የተቦረቦረ መሥመርና አዲስ ሽፍታ መኖሩን ነው። በመዝገቧም ከታካሚው ስም ጎን አብረውት የሚያድሩት ሰዎች ቁጥርና ከእነርሱ ስንቱ እንደታከመ ቢሰፍር፣ ሕክምናው የት ላይ እንደተቋረጠ ከመዝገቡ ማንበብ ይቻላል።